ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ሰው ሊያውቀው የሚገባ

በየቀበሌው ዛፍ መውጣት የሚችል አንድ ሰው አይታጣም። በቤቱ ላይ ያጋደለ ቅርንጫፍ ያሰጋው፥ ጥላ በዝቶ ቡናው የታፈነበት፥ ወይም ለአጥር የሚሆን እሾህ የፈለገ ገበሬ ይህን ሰው ጠርቶ «እስቲ ወጥተህ ቁረጥልኝ» ይለዋል። ሰውየውም መጥረቢያውን በትከሻው አድርጎ ይመጣል፤ ይወጣል፤ ይቆርጣል። ብዙ ጊዜ በደኅና ይወርዳል። አንዳንድ ጊዜ ግን ቅርንጫፉ ሳይታሰብ ተገንጥሎ እርሱንም ይዞት ይወርዳል። ወይም ደግሞ ሰውየው በደኅና ወርዶ፥ ዛፉ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ውስጡ በስብሶ ይገኛል። ሁለቱም ጉዳት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም መሣሪያ ከማንሣት በፊት ሊደረግ የሚገባው መመልከት ስለሚቀር ነው።

በሌላው ዓለም በብዙ አገር ይህ ሥራ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሠራተኛው የዛፍ ሐኪም እስከ መባል ደርሷል፤ የገመድ አያያዝንና የዛፍን ጠባይ ተምሮ ነው ወደ ሥራ የሚገባው። በገጠራችን ግን ሥራው የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው፤ የሚሠራውም ከልጅነቱ ጀምሮ ሾላ ለመልቀም ወይም ቀፎ ለመስቀል ዛፍ መውጣት የለመደ ሰው ነው። እንዲህ ያለው ሰው ድፍረትና የእግር ጥንካሬ አያንሰውም። የሚያንሰው ገመድና ጊዜ ነው።

ጊዜ የሚያንሰውም ብዙውን ጊዜ በአከፋፈሉ ምክንያት ነው። ዋጋው በዛፍ ልክ ከተነገረ ቆራጩ ቶሎ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ለመሄድ ይቸኩላል። ዋጋው የሚወርደው እንጨት ከሆነ ደግሞ ባለቤቱ አንድ ቅርንጫፍ አስቦ ሳለ አራት ወርዶ ያገኛል። በዚህ ቆራጩን መውቀስ አይገባም፤ ውሉ ራሱ እንዲህ እንዲያደርግ ይገፋዋል። ስለዚህ ለቀን ሥራው በገንዘብ ይክፈሉት፤ እንጨቱም የእርስዎ ይሁን። የሚቆረጡትን ቅርንጫፎች ከመውጣቱ በፊት አብራችሁ ቆማችሁ በጣት እያመለከታችሁ ተስማሙ።

አሁን ወደ መመልከቱ እንምጣ። ዛፉን በእግር አንድ ጊዜ ሙሉ ይዙሩት። ከግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሎ ካዩ ሥሩ ወይም የግንዱ ታች በስብሶ ይሆናል። በአንድ ወገን አፈሩ ተነሥቶ ወይም ተሰንጥቆ ቢገኝ ዛፉ መንቀል ጀምሯል ማለት ነው። ግንዱን በመጥረቢያ ጀርባ መታ መታ ያድርጉ፤ ጤነኛው ጠንከር ያለ ድምፅ ሲሰጥ፥ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ቀጥሎ ወደ ላይ ይመልከቱ። ሌላው ለምልሞ ሳለ ቅጠል የሌለው ቅርንጫፍ የሞተ ነው፤ የሞተ እንጨት ደግሞ ሳይጎብጥ፥ ሳያስጠነቅቅ ነው የሚሰበረው። ሁለት ግንድ እንደ ሹካ ተለያይቶ በወጣበት ስንጥቅ ካለ በዚያ ላይ ሰው ሊቆም አይገባም። ንብና ተርብ መኖሩን፥ በጎድጓዳውም እባብ አለመኖሩን ማየት ነው። ቀፎ ከተሰቀለ ሥራው ሳይጀመር፥ ማታውን፥ ባለቤቱ ያውርደው። እንዲህ ያለው ነገር ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን በ8 ሜትር ከፍታ ላይ ንብ የወረረው ሰው ገመዱን ለመፍታት ትዕግሥት አይኖረውም።

ቁልቋልና ቅንጭብ ለአጥር በተተከለበት ስፍራ ለዓይን ይጠንቀቁ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ እጅግ ያቃጥላል፤ ማየትንም ሊጎዳ ይችላል። የነካው ሰው ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ደጋግሞ ይታጠብና ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ።

የኤሌክትሪክ ሽቦ በቅርንጫፎቹ መካከል ወይም አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ሥራው የእርስዎም የቆራጩም አይደለም። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፤ ሽቦውን የነካው ቅርንጫፍ እንጂ እኔ አይደለሁም ማለት አያድንም። ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤት አስታውቀው መስመሩ እስኪዘጋ ይጠብቁ። ቢዘገዩም ይጠብቁ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ «ይህን ዛፍ አልወጣም» የሚል ቆራጭ ቢያጋጥምዎ ፈሪ ነው አይበሉት። ሥራውን የሚያውቅ እርሱ ነው። የበሰበሰን ዛፍ መሬት ላይ ቆሞ፥ ሰውና ከብት አርቆ፥ ከሥሩ መጣል ይቻል እንደ ሆነ መምከር ይሻላል።

ለመውጣት ሁለት ገመድ ያስፈልጋል፤ አንዱ ለሰውየው፥ አንዱ ለቅርንጫፉ። የቃጫ ገመድ ዝናብና ፀሐይ እየተፈራረቀበት ከውስጡ ይበሰብሳል፤ ስለዚህ ድርና ማጉን ከፈት እያደረጉ ውስጡን ይዩ። ከብት የታሰረበትንም ገመድ ለሰው አይጠቀሙበት። ገመዱን በወገብ ላይ ብቻ ማሰር ልማድ ሆኗል፤ ነገር ግን ሰውየው ሲወድቅ ክብደቱ ሁሉ በሆዱና በጎድኑ ላይ ስለሚያርፍ ከመውደቁ ያላነሰ ጉዳት ያመጣል። ወገቡንና ሁለቱን ጭኖች አብሮ የሚይዝ መታጠቂያ ይሁን። የገመዱ ሌላው ጫፍ ከራሱ በላይ ባለ፥ ሕይወት ባለው፥ ጭን በሚያክል ቅርንጫፍ ላይ ይታሰር፤ በሚቆረጠው ላይ ግን ፈጽሞ አይታሰር። ይህን ስንል የሚስቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል። ሆኖም ደክሞት ከሰዓት በኋላ የሚሠራ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ይሠራል።

መሬት ላይ የሚቆመው ረዳት ሥራ ገመድ መያዝ ብቻ አይደለም። ልጆችንና ከብቶችን ከሚወርደው ቅርንጫፍ ርዝመት በሁለት እጥፍ ያርቃል፤ ወደ ላይ የሚናገረውም እርሱ ብቻ ይሁን። ከታች አምስት ሰው የተሰበሰበ እንደ ሆነ አምስቱም ትእዛዝ ይሰጣሉ፤ ከላይ ያለውም የማንን እንደሚሰማ ይጠፋበታል።

የእንጨትን ክብደት ሰው አቃልሎ ያያል። ውፍረቱ 25 ሳንቲ ሜትር፥ ርዝመቱ 4 ሜትር የሆነ እርጥብ የባሕር ዛፍ ግንድ ወደ 2 ኩንታል ይጠጋል። ይህ በቡና ላይ ቢወድቅ ብዙ ዓመት የለፉበትን ተክል ይሰብራል። ስለዚህ በዋንዛ፥ በሳሳና በብርብራ ጥላ ሥር ቡና ያለው ገበሬ ቅርንጫፉን በአንድ ጊዜ ከመጣል ይልቅ ከጫፉ ጀምሮ በትንንሹ እያስቆረጠ በገመድ ያስወርድ። ገመዱን በእጅ ብቻ መያዝ መዳፍን ይልጣል፤ ሰውንም ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል። በሌላ ግንድ ላይ ሁለት ዙር ጠምጥሞ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው።

አሁን ስለ ራሱ ስለ መቁረጡ እንናገር። ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም። የሰው ሥጋ ሲቆስል በቦታው አዲስ ሥጋ ይተካል፤ ዛፍ ግን የቆሰለውን እንጨት ባለበት ትቶ ዙሪያውን ያጥረዋል፤ ከዚያም በላዩ አዲስ እንጨት አሳድጎ ይሸፍነዋል። የተጎዳው ውስጡ እንዳለ ይቀራል። ይህን በሰፊው ያስረዳው አሌክስ ሺጎ የተባለ የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ነው፤ ብዙ ሺህ ዛፎችን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ እየሰነጠቀ መበስበሱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚቆም አየ፤ በ1977 እ.ኤ.አ. ያወጣውም ጽሑፍ በብዙ አገር የነበረውን ትምህርት ለወጠ። ከዚያ በፊት የነበሩ መጻሕፍት ቅርንጫፉን ከግንዱ ጋር አስተካክሎ መቁረጥንና ቁስሉን ቅጥራን መቀባትን ያስተምሩ ነበር። ዛሬ ሁለቱም የተተዉ ናቸው።

ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ሥፍራ እንደ ቀለበት ያበጠ ነገር ይታያል። አንገት እንበለው። ዛፉ የሚያጥርበት ኃይል ያለው በዚህ አንገት ውስጥ ነው፤ ስለዚህ አንገቱ ከግንዱ ጋር መቅረት አለበት። አስጠግተው ቢቆርጡት አጥሩን አብረው ቆረጡት ማለት ነው፤ መበስበሱም ወደ ግንዱ ይገባል። አርቀው ጉቶ ቢያስቀሩ ደግሞ ጉቶው ይሞትና ለምስጥና ለሻጋታ መግቢያ ይሆናል። ትክክለኛው መቁረጫ ከአንገቱ ወዲያ፥ እብጠቱ ባለቀበት ነው።

ከባድ ቅርንጫፍ በአንድ መቁረጥ አይወርድም፤ ግማሹ ሲቆረጥ በክብደቱ ተገንጥሎ የግንዱን ልጥ እስከ ታች ይገፈዋልና። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ይቆረጣል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ወይም 40 ሳንቲ ሜትር ርቀው ከታች ወደ ላይ እስከ ውፍረቱ ሩብ ይጋዙ። ሁለተኛ ከዚያ ጥቂት ጣት ወደ ውጭ ወጣ ብለው ከላይ ወደ ታች ይጋዙ፤ ቅርንጫፉ ይወድቃል፥ ልጡም ከታችኛው ቁርጥ አያልፍም። ሦስተኛ፥ የቀረውን ቀላል ጉቶ በአንገቱ ጠርዝ ላይ ይቁረጡ። ይህን የመጨረሻውን በመጥረቢያ አስተካክሎ መሥራት አስቸጋሪ ነውና መጋዝ ይፈልጉ፤ መጋዝ የሌለው ሰው ተበድሮም ቢሆን በመጋዝ ይሥራ። ቁስሉ ላይ ቅጥራን፥ ቀለም ወይም እበት አያስፈልግም። እርጥበት አፍኖ ይይዛል እንጂ መበስበሱን አያስቀርም።

ባለዛፎች አብዝተው የሚጠይቁት «አናቱን በሙሉ ቁረጥልኝ» ብለው ነው፤ ነፋስ እንዳይጥለው በማሰብ። ይህ ልመና ጉዳት አለው። አናቱ የተቆረጠ ዛፍ ከየጉቶው ብዙ ቀጭን ቀንበጥ ያወጣል፤ እነዚህም የተያያዙት ከላይ ከላይ ስለ ሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሲከብዱ ይገነጠላሉ። ቤቱ ከበፊቱ የባሰ አደጋ ላይ ይሆናል። በአንድ ዓመት ከቅጠሉ ከሩብ በላይ አያስወርዱ፤ የሚቀረውን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩት። ጥድና የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ቅጠል ከሌለው ግንድ በቀላሉ አያቆጠቁጡም፤ አንድ ጊዜ የተራቆተው እንደ ተራቆተ ይቀራል። ባሕር ዛፍ ከሥሩ ተቆርጦ ማቆጥቆጡን አይተው ሌላውም እንዲሁ ነው ብለው እንዳይሳሳቱ።

ወቅቱ በጋ ይሁን። በክረምት ልጡ ስለሚሟልጥ ያልተንሸራተተ ቆራጭ አይገኝም። የቡና ጥላ የሚመለመለው ለቀማው ካለቀ በኋላ፥ ዝናብ ሳይጀምር ነው። በምሥራቅ ሸዋ በየማሳው የሚታየው ገርቢ የሚባለው ግራር ግን በክረምት ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ጥላው ለሰብሉ አያስቸግርም፤ ለጥላ ብሎ እርሱን መመልመል ከንቱ ድካም ነው።

ቆራጩ ከማሳ ወደ ማሳ የሚዘዋወር ስለ ሆነ በሽታ ተሸካሚ ሊሆን ይችላል። ቡናን አድርቆ የሚገድለው በሽታ በገጀራና በመጥረቢያ በተጎዳ ግንድ በኩል ይገባል። ስለዚህ ወደ እርስዎ ማሳ ከመግባቱ በፊት መሣሪያውን ጠርጎ በእሳት ነበልባል ላይ እንዲያሳልፈው ይጠይቁት፤ በሥራ ላይም የቡናውን ግንድ እንዳያቆስል። እንደ ዋንዛ፥ ዝግባና ኮሶ ያሉትን አገር በቀል ዛፎች ከሥሩ ለማስቆረጥ ሲያስቡ አስቀድመው የወረዳውን እርሻ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ያለውን ደግሞ ያለ ደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ የሚነካ የለም።

የልማት ሠራተኛ ሆይ፥ በቀበሌዎ ዛፍ የሚወጡትን ሰዎች ማንነት ይወቁ። ጥቂቶች ናቸውና አንድ ቀን ሰብስበው ሦስቱን ቁርጥ በአንድ ሊወገድ በተወሰነ ቅርንጫፍ ላይ፥ መሬት ላይ ቆመው በሚደርሱበት ከፍታ፥ ያሳዩአቸው። አንድ ደኅና ገመድና አንድ መጋዝ በኅብረት ሥራ ማኅበሩ በኩል ተገዝቶ በየተራ የሚዋሱት ቢሆን ብዙ ያግዛል።

የተቆረጠው ትክክል መሆኑን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዓመት በኋላ ተመልሶ ቁስሉን ይመልከት። አዲሱ እንጨት ዙሪያውን እንደ ቀለበት እኩል ከከበበው መጋዙ በትክክለኛው ቦታ አልፏል። ግራና ቀኙ ብቻ አብጦ ላይና ታቹ ባዶ ከሆነ ወደ ግንዱ ተጠግቶ ተቆርጧል፤ በሚቀጥለው ጊዜ መጋዙን ጥቂት ወደ ውጭ ማውጣት ነው።