ሊጡን የሚያስቸኩለው ሙቀት መድኃኒቱንም ያበላሸዋል

ልጃችሁ ወይም የልጅ ልጃችሁ የኪሚያ የቤት ሥራ ይዞ ሲመጣ «ይሄ የኔ አይደለም፣ አስተማሪህን ጠይቅ» ትሉት ይሆናል። ጥያቄው ግን ብዙ ጊዜ እንዲህ የሚል ነው፦ አንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲለወጥ፣ ለውጡን የሚያፈጥነው ምንድን ነው? የሚያዘገየውስ? ይህን እኮ እናንተ ልጁ ሳይወለድ ጀምሮ በእጃችሁ ስትሠሩት ኖራችኋል።

ከሙቀት እንጀምር፣ ትልቁ እሱ ነው። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሌሊቷ ይበርዳል። እዚያ የጤፍ ሊጥ ሁለት ሦስት ቀን ይጠበቃል። እዚህ በሐምሌ፣ ማዝጋን ባልበራ ቤት ያደረ ሊጥ በማግስቱ ይኮመጥጣል። ጤፉ ያው ጤፍ፣ እርሾውም ያው እርሾ ነው፤ የተለየው ሙቀቱ ብቻ ነው።

ምክንያቱ ይኸውላችሁ። ማንኛውም ነገር በዓይን ከማይታዩ ቅንጣቶች የተሠራ ነው፣ ቅንጣቶቹም ዝም ብለው አይቀመጡም፣ ሁልጊዜ ይጋጫሉ። ሲሞቁ ይፈጥናሉ፣ በኃይል የሚጋጩትም ይበዛሉ፤ ለውጥ የሚመጣው ደግሞ ከጠንካራው ግጭት ነው። ስዊድናዊው ሳይንቲስት ስቫንቴ አረኒየስ በ1889 ይህንን በሒሳብ ቀመር አስቀመጠው። በግምት ሲነገር፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የብዙ ለውጦች ፍጥነት እጥፍ ወይም ከዚያም በላይ ይሆናል። ፍሪጅም የሚሠራው ይህንኑ ገልብጦ ነው፤ ሊጡን አያቆመውም፣ ያዘገየዋል እንጂ።

ባቄላና ሽምብራስ? ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፣ ቴል አቪቭ ላይ ግን በ100። ሰባት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፣ ድስቱ ላይ ግን ትታወቃለች። ያኔ ባቄላው ቀኑን ሙሉ ሲንተከተክ የሚውለው ባለቤቲቱ እሳት መቆስቆስ ሰንፋ አልነበረም፣ ውሃው ራሱ ከዚያ በላይ መሞቅ አይችልም። ክዳኑ ገጥሞ የሚዘጋው የእንፋሎት ድስት ውሃውን እስከ 120 ዲግሪ ድረስ ስለሚያደርሰው ነው የሚፈጥነው።

ሁለተኛው ነገር ስፋት ነው። ግንድ በክብሪት አይያያዝም፣ ጭራሮ ግን ወዲያው ይነዳል፤ ሲሰነጠቅ አየር የሚያገኘው ገጹ ስለሚበዛ ነው። ከልጁ ጋር መሞከር ከፈለጋችሁ፣ ውሃ ውስጥ የሚንተፈተፈውን የቫይታሚን ሲ ክኒን ውሰዱ። አንዱን ሙሉውን፣ ሌላውን አድቅቃችሁ እኩል ውሃ ባለባቸው ሁለት ብርጭቆዎች ጨምሩ። የደቀቀው ቀድሞ ያልቃል። ቀጥሎ አንዱን በቀዝቃዛ፣ አንዱን ለብ ባለ ውሃ ሞክሩት።

ይህ ነገር ግን ጨዋታ ብቻ አይደለም። ለመዋጥ የሚከብዳችሁን ክኒን በሙቀጫ የምትወቅጡ ወይም የምትሰብሩ ካላችሁ፣ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ። ከስኳርና ከደም ግፊት ክኒኖች አንዳንዶቹ መድኃኒቱን ቀስ በቀስ፣ ቀኑን ሙሉ እንዲለቁ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። ሲደቁ የቀኑ መድኃኒት ባንድ ጊዜ ደም ውስጥ ይገባል፣ ይህም አደገኛ ነው። ሁሉም ክኒን እንዲህ አይደለም፤ የትኛው እንደሆነ የኩፓት ሆሊሙን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ «ይሄን መስበር ይቻላል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚዋጥ ፈሳሽ ካለም ይነግሯችኋል።

ሦስተኛው አጋዥ ነው። ጠላ ስትጠምቁ ብቅል የምትጨምሩት ለምንድን ነው? በበቀለው ገብስ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ፤ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል፣ እሱ ራሱ ግን በሥራው አያልቅም። ምራቃችንም ውስጥ አለ፤ ዳቦ ሳትውጡ ደጋግማችሁ ብታኝኩ የሚጣፍጣችሁ ለዚህ ነው።

አራተኛው የፈሳሹ ብርታት ነው። በረኪና፣ እዚህ ኤኮኖሚካ የምንለው፣ ሲበዛ ይበልጥ ያነጣል ብለው ሳይበርዙ የሚያፈሱ አሉ። የሚበዛው ግን ጉዳቱ ነው፤ ሳንባን ያቃጥላል፣ ልብስ ይበላል። በፈላ ውሃም አትበርዙት፤ ሙቀት ቶሎ ያፈርሰዋል፣ ጭሱንም ያበዛዋል። ከሁሉ የከፋው ከኮምጣጤ ወይም ከሻወር ላይ ኖራ ከሚያስለቅቀው አሲድ ጋር መቀላቀል ነው። ወዲያው መርዘኛ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፣ መስኮት በሌለው ትንሽ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ደግሞ ማምለጫ የለም። ዓይንና ጉሮሮ ማቃጠል ከጀመረ ዕቃውን ትታችሁ ውጡ፣ 101 ደውሉ።

አሁን ወደ ሙቀት ልመለስ፣ ምክንያቱም በማኅበረሰባችን ስኳር በሽታ በዝቷል። ኢንሱሊን ሲሞቅ ልክ እንደ ሊጡ ይለወጣል፣ ግን አይሸትም፣ መልኩም ላይለወጥ ይችላል። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ። የተከፈተው አብዛኛው ዓይነት በክፍል ሙቀት 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ ትክክለኛው ቀንና ዲግሪ ከማሸጊያው ጋር ባለው ወረቀት ላይ አለ፣ ልጆቹ ያንብቡላችሁ። በፀሐይ የቆመ መኪና ውስጥ ከ50 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል፣ «አምስት ደቂቃ ነው» ብላችሁም አትተዉት። ፍሪዘር ውስጥም አይገባም፤ አንዴ በረዶ ከሆነ ቢቀልጥም ይጣላል። ለሠርግ ወይም ለለቅሶ ሩቅ ስትሄዱ በማቀዝቀዣ ቦርሳ ያዙት፣ በረዶው ሳይነካው፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ።