ተረትና እውነታ፦ በእቅፍ ያለ ልጅና የ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት

«ከተማ ውስጥ ቀበቶ ምን ያደርጋል? ቀበቶ ለአገር አቋራጭ ነው። ልጁን ደግሞ እናቱ አጥብቃ ይዛዋለች።» ይህ አባባል በሌላው ነገር ሁሉ ጥንቁቅ ከሆኑ ሰዎች አፍ ጭምር ይሰማል። ጋቢና ተቀምጣ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ያስደገፈች እናት ልጇን በምትችለው ሁሉ እየጠበቀች እንደሆነ ታምናለች፤ እርሷን መውቀስ አግባብ አይደለም። ትዕግሥት የሚያስጨርሱት ሌሎች ናቸው፦ «ከጀርባህ አሳልፈህ ሰካው፣ ለትራፊክ ፖሊስ ብቻ ነው» እያሉ የሚመክሩ፣ የመኪናው ማስጠንቀቂያ እንዳይጮህ ባዶ የቀበቶ መሰኪያ የሚሸጡ። የሚያሰራጩት እምነት ሰው ይገድላል።

እምነቱ ከየት እንደመጣ ግን መረዳት ይቻላል። አብዛኞቻችን የምናውቀው ፍሬንን እንጂ ግጭትን አይደለም። ሾፌር ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬኑን እስከ መጨረሻው ቢረግጥ ተሳፋሪውን ወደፊት የሚገፋው ኃይል ከራሱ ክብደት እምብዛም አይበልጥም። 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ቢበዛ የ10 ኪሎ ያህል ይጎትታል፤ ይህን የእናት ክንድ ይችለዋል። በታክሲውም በቤት መኪናውም በየጊዜው የሚያጋጥም ነገር ስለሆነ «ይዤው አውቃለሁ» የሚለው ማስረጃ እውነተኛ ነው። ስህተቱ ከፍሬን ተነስቶ ስለ ግጭት መደምደሙ ላይ ነው።

በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 14 ሜትር ገደማ ነው። በፍሬን ለመቆም መኪናው 12 ሜትር ያህል ያገኛል። ከግንብ ጋር ሲላተም ግን ያለው ርቀት ኮፈኑ የሚጨማደድበት ብቻ ነው፤ 60 ወይም 70 ሴንቲ ሜትር እንበል። ያ ሁሉ ፍጥነት አንድ አስረኛ ሰከንድ በማይሞላ ጊዜ ወደ ዜሮ ይወርዳል፤ ከመኪናው ጋር የታሰረ ሰው ላይ የሚያርፈው ኃይልም በአማካይ የክብደቱ 15 እጥፍ ይሆናል። 10 ኪሎ የነበረው ሕፃን እንደ 150 ኪሎ ይጎትታል። እናቱ ራሷ ታስራ ቢሆን እንኳ ይህን የሚይዝ ክንድ የለም። ካልታሰረች ደግሞ መኪናው ሲቆም እርሷ በዚያው በ50 ትቀጥላለች፤ በእርሷና በዳሽቦርዱ መካከል ያለው ልጇ ነው። ዳሽቦርዱ አምስት ሴንቲ ሜትር ብቻ ቢሰረጉድ ኃይሉ ወደ 200 እጥፍ ይጠጋል። ከ10 ሜትር ከፍታ፣ ከሦስተኛ ፎቅ ግድም ወድቆ መሬት እንደመምታት ነው። «በዝግታ» የምንለው ፍጥነት ይኸው ነው።

የሰው አካል ከክብደቱ 15 እጥፍ የበለጠ ኃይል ችሏል የሚል ተከራካሪ አይጠፋም፤ እውነቱን ነው። አሜሪካዊው የአየር ኃይል ሐኪም ጆን ስታፕ ታኅሣሥ 1954 (እ.ኤ.አ.) በኒው ሜክሲኮ በረሃ፣ ሐዲድ ላይ ሮኬት በሚገፋው ወንበር ተቀምጦ በሰዓት 1,017 ኪሎ ሜትር ከበረረ በኋላ በ1.4 ሰከንድ ቆመ። የክብደቱን 46 እጥፍ ተሸከመ፤ የዓይኖቹ የደም ሥሮች ፈነዱ፣ ለጊዜው ማየት ተሳነው፣ ግን ዳነ። የዳነው ትከሻው፣ ደረቱና ዳሌው ከወንበሩ ጋር ጥብቅ ብሎ ታስሮ ስለነበር ነው። ስታፕ ራሱ ከዚያ በኋላ በመኪኖች ላይ ቀበቶ እንዲገጠም አጥብቆ ከተከራከሩት አንዱ ሆነ። እርሱን እየጠቀሱ ቀበቶን ማቃለል የሙከራውን ውጤት ገልብጦ ማንበብ ነው።

«መኪናው ቢቃጠልስ? ቀበቶው አስሮ ያስቀረኛል» የሚለውም ስጋት ከባድ ስለሆነ መልስ ይገባዋል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) በባሕሬን የፎርሙላ ዋን ውድድር የሮሜን ግሮዣን መኪና የብረት አጥሩን ሰንጥቃ ለሁለት ተቆረጠች፣ በእሳትም ተያያዘች። የደረሰበት ኃይል የክብደቱ 67 እጥፍ ነበር። ራሱን ስላልሳተ የታሰረበትን ፈትቶ እጆቹ ተቃጥለው ከነበልባሉ ወጣ። ከእሳት የሚያመልጠው ከግጭቱ በኋላ ንቃቱ ያለው ሰው ነው፤ ያንን ንቃት የሚያቆይለት ቀበቶው ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ቀበቶ የተሳፋሪን የሞት አደጋ እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል ይገልጻል።

ስለ ፍጥነትና ስለ ምት የሚነገሩ ሌሎች ተረቶችንም በአጭሩ እንለፋቸው። ከፍጥረት ሁሉ ፈጣኑ አቦሸማኔ ነው ይባላል፤ በመሬት ላይ ከሚሮጡት እውነት ነው፣ ፔሬግሪን የተባለው ጭልፊት ግን ቁልቁል ሲወረወር በሰዓት ከ300 ኪሎ ሜትር ያልፋል። በቦትስዋና በአደን ላይ ሳሉ የተለኩ አቦሸማኔዎች ከ93 አልበለጡም፤ ትልቁ ችሎታቸው በድንገት መፈትለክ፣ ፍጥነት መግታትና መታጠፍ ነው። ግንደ ቆርቁር የራስ ቅሉ ምቱን እንደ ስፖንጅ ይመጥለታል የሚለውን በ2022 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት ውድቅ አድርጎታል፤ ወፏን የሚጠብቃት የአንጎሏ ትንሽነት ነው። ከፍተኛ ፍጥነት ብቻውን አካል ይጎዳል የሚሉም አሉ፤ ምድር እኛን ይዛ በፀሐይ ዙሪያ በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ትጓዛለች፣ ማንንም አልጎዳችም። የሚጎዳው የፍጥነቱ በድንገት መለወጥ ነው። ይህ ግን ለፈጣን ሾፌር ማመካኛ አይሆንም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን በግጭት የሚለቀቀው ጉልበት አራት እጥፍ ይሆናልና።

ወደ ልጁ እንመለስ። አንዳንድ ወላጆች ቀበቶ ያስፈልጋል ሲባሉ አንዱን ቀበቶ ለራሳቸውና ለታቀፈው ልጅ አንድ ላይ ያስሩታል። ይህ በጣም አደገኛ ነው፤ በግጭት ጊዜ የአዋቂው ክብደት በብዙ እጥፍ ሆኖ ልጁን ከቀበቶው ጋር ያጣብቀዋል። ሕፃን ጭንቅላቱ ከባድ፣ አንገቱ ደካማ ስለሆነ ፊቱን ወደ ኋላ አዙሮ የሚቀመጥበት የልጆች ወንበር ያስፈልገዋል፤ ምቱ በአንገቱ ላይ ሳይሆን በመላ ጀርባው ላይ ይሰራጫል። ወንበሩ ውድ እንደሆነ የታወቀ ነው፤ መኪና ለመግዛት ገንዘብ የሚያጠራቅም ቤተሰብ ግን ከመኪናው ዋጋ ጋር አብሮ ሊያስበው ይገባል። የአዋቂ ቀበቶ የሚሆነው ቁመቱ ለደረሰ ልጅ ነው፦ ከኋላ ወንበር፣ ለብቻው፣ የታችኛው ማሰሪያ ሆዱ ላይ ሳይሆን የዳሌ አጥንቱ ላይ፣ የላይኛው አንገቱን ሳይነካ በትከሻው መሐል ሲያልፍ።