በእጅ ባትሪ የሚሣል ምስል፦ የየካ ኮረብታዎች የሌሊት ፎቶግራፍ

የዛሬው ገለጻዬ በብርሃን ስለ መሣል ጥበብ ነው። ዘዴውን በአጭሩ ላስረዳ። ካሜራው በጨለማ ውስጥ በማቆሚያ ላይ ይጸናል፤ ብርሃን የሚያስገባው መከለያ ለግማሽ ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ተከፍቶ ይቆያል፤ በዚህ ጊዜ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ የፈለገውን ነገር ያበራል። የሚመዘገበውም በዚያ ጊዜ ሁሉ የተጠራቀመው ብርሃን ነው።

ባትሪውን የያዘው ሰው በምስሉ ላይ ስለምን አይታይም? ጥቁር ልብስ ለብሶ ስለሚንቀሳቀስና ብርሃኑን ወደ ራሱ ስለማያዞር፣ በአንድ ስፍራ የሚተወው ብርሃን እጅግ ጥቂት ነው። ባትሪውን ወደ ሌንሱ ቢያዞር ግን እንቅስቃሴው የብርሃን መስመር ሆኖ ይቀራል። ፈረንሳዊው ኤቲየን ዡል ማሬ እና ረዳቱ ዦርዥ ዴመኒ በ1889 እ.ኤ.አ. ይህን የተጠቀሙበት የሰውን አረማመድ ለማጥናት ነበር። ፒካሶ በጆን ሚሊ ካሜራ ፊት በአየር ላይ የሣለው ግን ከ60 ዓመት በኋላ፣ በ1949 እ.ኤ.አ. ነው። ስለዚህ ዘዴው ሥነ ጥበብ ከመሆኑ በፊት መለኪያ ነበር ማለት እንችላለን።

እኔና አንድ ፎቶግራፍ አንሺ ባልደረባዬ በበጋ ሌሊቶች በየካ ኮረብታዎች የምንሠራው ይህንኑ የመለኪያነት ባሕርይ ይዘን ነው። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ካሜራው ዘንድ ቆሞ ሰከንዱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሌላው በቁጥሩ መሠረት ያበራል። ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ብርሃኑ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ በ2 ሜትር ርቀት 5 ሰከንድ የሚበቃው ድንጋይ በ4 ሜትር 20 ሰከንድ ይሻል።

የዘዴው ጥቅም በየካው ዋሻ ሚካኤል ጎልቶ ይታያል። ከአለት የተፈለፈለው ይህ ቤተ ክርስቲያን በትውፊት የአብርሃ ወአጽብሐ ዘመን ሥራ እንደሆነ ይነገራል፤ ተመራማሪዎች ግን ወደ መካከለኛው ዘመን ያቀርቡታል። ፊት ለፊት የሚያርፍ ብርሃን ግድግዳን ጠፍጣፋ ያስመስለዋል። ከጎን ዝቅ ብሎ የሚመጣ ብርሃን ግን የመሮውን ፋና፣ ስንጥቁንና ዝናብ የበላውን ሁሉ በጥላ ያወጣዋል። የባትሪው አቅጣጫ፣ ርቀቱና ሰከንዱ ከተመዘገበ፣ ከዓመታት በኋላ ያንኑ ምስል ደግሞ ማንሳትና ስንጥቁ መስፋት አለመስፋቱን ማነጻጸር ይቻላል። የፈረሰውን አለት የሚመልስልን የለም፤ ያለበትን ሁኔታ መዝግቦ መያዝ ግን በእጃችን ነው። ስፍራው ቅዱስ በመሆኑ የአገልጋዮቹ ፈቃድ ከካሜራው ይቀድማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ሰማዩ ነው። ክዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ የሚዞሩ ስለሚመስሉ፣ መከለያው ለብዙ ደቂቃዎች ሲከፈት ቅስት ይሠራሉ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ ብዙም አይርቅም፤ ኮረብታ በቀላሉ ይጋርደዋል። ከክዋክብቱ ጋር የከተማዋ ብርሃንም አብሮ ይጠራቀማል። ዓይናችን የለመደው ወገግታ በምስሉ ላይ ሰማዩን አንጥቶ ደካማ ክዋክብትን ሲሸፍን እናያለን።

ይህ ለእንጦጦ ቀላል ነገር አይደለም። ከባሕር ወለል 3,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለው የምርምር ማዕከል እያንዳንዳቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መስታወት ያላቸው 2 ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። ለቴሌስኮፕ ጨለማ እንደ ውኃና እንደ አፈር ያለ ሀብት ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ በብርሃን የሚሥል ሰው ባትሪውን ከአድማስ በላይ አያንሣ፤ ሥራውንም እንዳበቃ ያጥፋ። ከተማዋም የመንገድ መብራቶቿን ወደ ታች ብቻ እንዲያበሩ አድርጋ ብትተክል፣ መንገዱም ይደምቃል፣ ሰማዩም ይተርፋል።

ተማሪዎቻችን በየዓመቱ በጥር ወር፣ ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት፣ ከአንድ ስፍራ፣ በአንድ ዓይነት የካሜራ ልክ አንድ ምስል እንዲያነሡ ሐሳብ አቀርባለሁ። ከ10 ዓመት በኋላ በእጃችን የሚኖሩት 10 ምስሎች አለቱም ሰማዩም ምን ያህል እንደተለወጡ ይነግሩናል።