የጓሮ ወይን በኪሎ ይገዛል?

ዛሬ ከቡናና ከሰሊጥ ትንሽ ወጣ እንበል። ሰሞኑን አንድ የዩኒየን ሥራ አስኪያጅ በውስጥ መስመር እንዲህ ሲሉ ጠየቁን፦ «አባሎቻችን በየጓሯቸው ወይን አላቸው። በኪሎ ሰብስበን ወይን ጠጅ ብንጠምቅ ያዋጣል ወይ?»

መልሳችን፦ በኪሎ ብቻ ከገዛችሁ አያዋጣም።

ወይን እንደ ሙዝና አቮካዶ አይደለም። ሙዝ ጥሬውን ተቆርጦ መጋዘን ውስጥ ይበስላል። ወይን ግን ከሐረጉ ከተቆረጠ በኋላ አይበስልም፤ ጎምዛዛ ሆኖ ከተለቀመ ጎምዛዛ ሆኖ ይቀራል። የቡና ሰዎች ይህ አይጠፋችሁም፤ ቀይና አረንጓዴ እሸት በአንድ ጆንያ ሲገባ የሚመጣውን ታውቁታላችሁ። የወይን ክፋቱ ደግሞ ቀለሙ ማታለሉ ነው።

እኔንም አታሎኛል። ቢሾፍቱ ግቢያችን ዳስ ላይ የወጣ ጥቁር ወይን አለን። መጀመሪያ ባፈራበት ዓመት ፍሬው ጠቁሮ አየሁት፣ ወፍም ጀምሮታል፣ «ሳይጨርሱብኝ» ብዬ በአንድ ቀን 20 ኪሎ ገደማ አወረድኩት። የወጣው መጠጥ ቀለሙ ሲያምር ጉድ ነው፤ ጣዕሙ ግን ሎሚ የተጨመቀበት ውሃ። እናቴ ቀምሳ «ይሄማ ሰላጣ ላይ ነው የሚፈሰው» አለች። በቀጣዩ ዓመት መረብ አለበስነውና ከጠቆረ በኋላ ከአንድ ወር በላይ ጠበቅን። ያው ሐረግ ነው እኮ፣ ሌላ መጠጥ ወጣው።

እንዴት ይታወቃል? ፍሬውን ሰንጥቃችሁ ዘሩን እዩ። አረንጓዴ ከሆነ ገና ነው፤ ቡናማ ሆኖ በጥርስ ሲሰበር ኳ ካለ ደርሷል። ለዩኒየን ግን ጥርስ አይበቃም፣ ሪፍራክቶሜትር ያስፈልጋል። አንድ ጠብታ ጭማቂ ታደርጉበትና ስኳሩን በብሪክስ ይነግራችኋል። ከ22 እስከ 24 ካነበበ ወደ 13 በመቶ አልኮል ያለው ወይን ይወጣዋል። 15 ካነበበ ከ8 ብዙ አያልፍም፣ ቶሎም ወደ ኮምጣጤ ይሄዳል።

«ስኳር እንጨምርበታለን» የሚል አይጠፋም። ሒሳቡ ይኸው፦ 20 ኪሎ ወይን ከ12 እስከ 14 ሊትር ይሰጣል። አልኮሉን በ1 በመቶ ለማሳደግ በሊትር 17 ግራም ስኳር ይፈልጋል። 13 ሊትሩን ከ8 ወደ 12 ለማድረስ ወደ 900 ግራም ማለት ነው። አልኮሉ ይወጣል፤ ጉምዛዜው ግን የትም አይሄድም፣ ያልመጣ ጣዕምም በስኳር አይመጣም።

ሌላው የዝናብ ነገር ነው። በእኛ አየር ሐረጉ እንደ አውሮፓ በብርድ አያንቀላፋም፤ የሚደርስበትን ወቅት የሚወስነው የተገረዘበት ጊዜ ነው። ከተገረዘ ከ4 እስከ 5 ወር ያህል ይወስዳል። ጥቅምት ላይ የገረዘ የካቲትና መጋቢት ላይ ይለቅማል። የካቲት ላይ የገረዘ ግን ፍሬው ሰኔና ሐምሌ ላይ ይውልበታል፤ ይሰነጠቃል፣ ይሻግታል። ቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የሚመስል በሽታ ሲወጣ ድኝ መርጨት ይረዳል፤ መልቀሚያው ሲቃረብ ግን ተዉት፣ ወይኑ የተበላሸ እንቁላል ይሸታል።

ባቱ ላይ ካስቴል ከ100 ሄክታር በላይ የራሱን ወይን ተክሎ ነው በ2014 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያ ጠርሙሶቹን ለገበያ ያቀረበው። የመልቀሚያው ቀን በአንድ እጅ ነው። 200 ጓሮ ያለው ዩኒየን ግን 200 የመልቀሚያ ቀን አለው፤ አባሉም ቶሎ የሚለቅመው ዕውቀት አጥቶ ብቻ ሳይሆን ገንዘብ ስለቸገረው ነው። ስለዚህ የእኛ ምክር፦ ለአባሉ ቅድሚያ ክፍያ ስጡ፣ የመልቀሚያውን ቀን ዩኒየኑ ይቁረጥ፣ ዋጋው በብሪክስ ደረጃ ይውጣ። ከ20 በታች ያነበበውን ለጠጅ አትውሰዱ፤ ለመብል ይሸጥ።

መጥመቅ ሳያስፈልግም መንገድ አለ። በደንብ የበሰለ ወይን 4 ኪሎው ሲደርቅ ወደ 1 ኪሎ ዘቢብ ይሆናል፤ ዘቢብ ደግሞ ለቅዳሴ ሁልጊዜ ይፈለጋል። በአካባቢያችሁ የአንድ ኪሎ ዘቢብ ዋጋ ከ4 ኪሎ ወይን ዋጋ በልጦ ድካሙንም ከሸፈነ፣ ጋኑን ተዉትና አስጡት።

አንድ ነገር፣ በቤት ጠምቆ መጠጣት ሌላ፣ መሸጥ ሌላ። ለሽያጭ ከሆነ ፈቃድና ኤክሳይስ ታክስ አለበት፤ ሒሳባችሁ ውስጥ ቀድማችሁ አስገቡት።

የቡና የሳምንቱ ዋጋ ማታ ይለቀቃል።