አንድ ሰው፣ አንድ መዝገብ፦ ፋይዳ ድርብ ምዝገባን እንዴት ይከላከላል?

በድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ መሐል ቆሞ «መሐመድ!» ብሎ ለተጣራ ሰው በርካቶች ዘወር ይሉለታል። ጠሪው የሚፈልገውን ሰው በመልኩ ይለየዋል። ስም ብቻ የተጻፈበት የኮምፒውተር መዝገብ ግን ይህን ማድረግ አይችልም።

ጉዳዩ ቀላል አይደለም። በሴፍቲኔት ዝርዝር ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ጊዜ ከተመዘገበ የሌላ ችግረኛ ድርሻ ይጎድላል። በተቃራኒው ስማቸው የተመሳሰለ ሁለት አርሶ አደሮች እንደ አንድ ሰው ከተቆጠሩ፣ አንደኛው ማዳበሪያ ሊወስድ ሲሄድ «ቀደም ብለህ ወስደሃል» ሊባል ይችላል።

ስም ለምን አይበቃም?

አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ጎን ለጎን በሚነገሩበት ከተማችን አንድ ስም በብዙ መልክ ይጻፋል፦ መሐመድ፣ መሀመድ፣ ሙሐመድ፣ ሞሃመድ። «ሐ» እና «ሀ» ለጆሮ አንድ ቢሆኑም ለኮምፒውተር ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የልደት ቀንም ያሳስታል። በጥር 1985 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ዓመተ ልደቱ 1993 ነው። አንዱ መሥሪያ ቤት በአንዱ፣ ሌላው በሌላው ከመዘገበው ሁለት ሰው ይመስላል።

አሻራና የዓይን ብሌን

በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የተደነገገው የፋይዳ ሥርዓት ይህን ችግር የሚፈታው በሰውነት ምልክቶች ነው። ተመዝጋቢው የአሥር ጣቶቹን አሻራ፣ የሁለት ዓይኖቹን ብሌን ምስልና የፊቱን ፎቶግራፍ ይሰጣል። ሥርዓቱ አዲስ ቁጥር ከመስጠቱ በፊት እነዚህን ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ሁሉ ጋር ያነጻጽራል። ተመሳሳይ ካላገኘ 12 አሃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጣል፤ ካገኘ ግን ሁለተኛ ቁጥር አይሰጥም።

ዓይንም ጣትም መጨመራቸው ያለምክንያት አይደለም። ዶማና ማጭድ ሲይዝ የኖረ እጅ አሻራው ሊደበዝዝ ይችላል፤ የዓይን ብሌን ግን በሥራ አይለወጥም። ፊታቸው ፈጽሞ የሚመሳሰል መንትዮችም እንኳ በአሻራና በዓይን ብሌን ይለያያሉ።

ተመዝጋቢው ምን ያድርግ?

ቁጥሩ የጠፋበት፣ ስሙ በስሕተት የተጻፈበት ወይም አድራሻውን የለወጠ ሰው ዳግም መመዝገብ የለበትም። አዲሱ ምዝገባ ከቀድሞው ጋር ተገናዝቦ ውድቅ ስለሚሆን ድካሙ ከንቱ ነው። መጠየቅ ያለበት የነበረው መረጃ እንዲታረምለት ወይም ቁጥሩ እንዲነገረው ነው። በምዝገባው ዕለት እጅን ታጥቦ መሄድ፣ የልደት ዘመንን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚናገሩ መግለጽና መዝጋቢው የጻፈውን ከመጽደቁ በፊት አንብቦ ወይም አስነብቦ ማረጋገጥ ይጠቅማል።

በቀበሌና በማኅበር ደረጃስ?

የአሻራ መሣሪያ የሌላቸው የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የቀበሌ ጽሕፈት ቤቶችም የአባላት ዝርዝራቸውን ከድግግሞሽ መጠበቅ ይችላሉ። አዲስ መዝገብ ከመክፈት በፊት መፈለግ ቀዳሚው ሥርዓት ነው፤ በመጀመሪያ በፋይዳ ቁጥር፣ ቁጥር ከሌለ በስም ከነአባትና አያት፣ ቀጥሎም በስልክ። ለአጻጻፍ አንድ ወጥ ደንብ ማውጣትም ያግዛል። ተመሳሳይ የሚመስሉ ሁለት መዝገቦች ሲገኙ ግን ባለቤቶቹን ጠርቶ ሳያጣሩ አንዱን መሰረዝ አይገባም፤ የተሰረዘው መዝገብ የአንድ ቤተሰብ ቀለብ ሊሆን ይችላልና።