ዋልያን ለመጠበቅ ክልከላው በየትኛው እንስሳ ላይ ይሁን?

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን በሚያዋስኑ ወረዳዎች የሚኖር አርሶ አደር ሀብቱ እንስሳቱ ናቸው። በሬው ያርሳል። በግና ፍየሉ በቸገረ ጊዜ ተሸጠው የማዳበሪያ ዕዳና የልጆች ትምህርት ወጪ ይሸፍናሉ። በቅሎው ደግሞ እህል ከማመላለስ አልፎ የጎብኚን ድንኳንና ስንቅ ተሸክሞ ከሳንቃበር ወደ ግጭ፣ ከግጭ ወደ ጨነቅ ይወጣል፤ ባለቤቱም የኪራይ ገቢ ያገኛል። በመሆኑም «የቤት እንስሳት ወደ ፓርኩ አይግቡ» የሚል ውሳኔ በተነሳ ቁጥር ጉዳዩ የአርሶ አደሩን ጓዳ ይነካል።

በሌላ በኩል ዋልያ ከሰሜን ተራሮች ውጭ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ቁጥሩም በመቶዎች እንጂ በሺዎች የሚቆጠር አይደለም። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ ቅርሶች አንዱ ቢሆንም፣ በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገብቶ እንደነበር ይታወሳል። ከምክንያቶቹ መካከል የዋልያ ቁጥር መመናመን፣ የሰው ሰፈራና ልቅ ግጦሽ ይገኙበታል። በ2017 ከዝርዝሩ ሊወጣ የቻለው ከ400 በላይ የግጭ መንደር አባወራዎች ነባር ቀያቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ከተዛወሩና የግጦሽ ጫናውን ለመቀነስ ሥራዎች ከተጀመሩ በኋላ ነው።

ጥያቄው ታዲያ ክልከላ ያስፈልጋል ወይስ አያስፈልግም የሚል ብቻ ሊሆን አይገባም። የትኛው እንስሳ፣ የት ቦታና በምን ምክንያት ይከልከል የሚለውም መልስ ይፈልጋል። የቤት እንስሳት በዋልያ ላይ የሚያደርሱት ጉዳት ሦስት ዓይነት ነው፤ የሣር ሽሚያ፣ የበሽታ መተላለፍና የዝርያ መቀላቀል።

የሣር ሽሚያው ሁሉንም ግጦሽ እንስሳት ይመለከታል። ሁለቱ ግን እንደ እንስሳው ዓይነት ይለያያሉ። ዋልያ የፍየል የቅርብ ዘመድ በመሆኑ ፍየልና በግ የሚይዛቸው በሽታ ለእርሱም ያሰጋል። ከፍየል ጋር ተዳቅሎ ዝርያው ሊበረዝ እንደሚችልም ባለሙያዎች ሲያስጠነቅቁ ቆይተዋል። በቅሎ፣ ፈረስና አህያ ግን ከዋልያ ጋር አይዳቀሉም፤ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታም አይዛቸውም።

በሽታው ምን ያህል ሊያደርስ እንደሚችል የሌሎች አገሮች ልምድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. ከ2016 መጨረሻ ጀምሮ በሞንጎሊያ ደስታ መሰል በሽታ ከቤት እንስሳት ወደ ዱር ተሻግሮ ሳይጋ የተባለውን የሜዳ እንስሳ በሺዎች ፈጅቷል። በአሜሪካ አሪዞና ግዛት በሲልቨር ቤል ተራሮች በ2003 የቤት ፍየሎች ወደ ዱር በጎች መኖሪያ ገብተው ተላላፊ የዓይን በሽታ አዛምተዋል። በገደል ላይ የሚኖር እንስሳ ዓይኑ ከጠፋ መጨረሻው መውደቅ፣ መራብ ወይም የአውሬ ሲሳይ መሆን ነው።

ለእኛ ይበልጥ ትምህርት የሚሆነው የአሜሪካዋ ዋዮሚንግ ግዛት ልምድ ነው። በዚያ አገር አንዳንድ የተራራ ተጓዦች ጓዛቸውን የሚያስጭኑት በፍየል ነው። በግዛቱ የሚገኘው የሾሾኒ ብሔራዊ ደን የዱር በጎች በሚኖሩባቸው ዋና ዋና ቦታዎች የጭነት ፍየል እንዳይገባ ሲከለክል፣ ፈረስና በቅሎ ግን መጫናቸውን ቀጥለዋል። መነሻው የቤት በግና ፍየል ራሳቸው ብዙም ሳይታመሙ የሚሸከሙት፣ የዱር በጎችን ግን በሳንባ ምች የሚፈጅ ተህዋሲ ነው። በሽታው የገባበት መንጋ ግልገሎቹን በተከታታይ ዓመታት ሊያጣ ይችላል።

የጭነት ፍየል ባለቤቶች ክልከላውን በዝምታ አልተቀበሉትም። ፍየሎቻችን ጥቂት ናቸው፣ በገመድ የሚመሩና ከሰው የማይለዩ ናቸው፣ ከልቅ መንጋ ጋር አንድ ላይ ሊታዩ አይገባም ሲሉ እስከ ፍርድ ቤት ድረስ ተከራክረዋል። ክርክራቸው መሠረት የለውም አይባልም። ይሁንና አንድ ፍየል ጠፍታ ብታድር የሚመጣው ጉዳት ሊመለስ የማይችል በመሆኑ የደኑ አስተዳደር ጥንቃቄን መርጧል።

ከዚህ በመነሳት በሰሜን ተራሮች አዋሳኝ ወረዳዎች ሥራውን በየደረጃው መምራት ይቻላል። በቅድሚያ ዋልያ ከሚውልባቸው ገደሎችና ከገደሎቹ አፋፍ ፍየልና በግን ማራቅ ይገባል። በአዋሳኝ ቀበሌዎች የሚገኙ በጎችና ፍየሎች የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ቅድሚያ እንዲያገኙ ማድረግ የወረዳ እንስሳት ጤና ባለሙያዎች ድርሻ ነው። ክትባቱ ለዓመታት የሚቆይ መከላከያ ስለሚሰጥ ተጠቃሚው ዋልያ ብቻ ሳይሆን የመንጋው ባለቤትም ነው። ዓይኑና አፍንጫው ፈሳሽ ያበዛ፣ አፉ የቆሰለ ወይም የሚያስቀምጠው ፍየል ሲታይ ከመንጋው ለይቶ ወዲያውኑ ለጤና ባለሙያ ማሳወቅ ያስፈልጋል፤ ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ።

የማይፈለጉ ወጠጤዎችን ማኮላሸትም የመዳቀል ስጋቱን ይቀንሳል፤ ሙክቱም በበዓል ገበያ ጥሩ ዋጋ ያወጣል። ሆኖም የተኮላሸ ፍየልም በሽታ ስለሚያስተላልፍ፣ እንስት ፍየልም ከወንድ ዋልያ ጋር ልትገናኝ ስለምትችል፣ ማኮላሸት ከገደል ማራቅን አይተካም።

የጭነት በቅሎን በተመለከተ ሙሉ ክልከላ የባለ በቅሎዎችን እንጀራ ከመንካት ያለፈ ለበሽታ መከላከል የሚሰጠው ጥቅም የለም። በቅሎው የሚጎዳው ሣሩንና መንገዱን ነው። ስለሆነም ከተፈቀደው መንገድ እንዳይወጣ፣ በማደሪያ ቦታ ታስሮ እንዲያድርና ድርቆሹ ከጭነቱ ጋር አብሮ እንዲሄድ ቢደረግ ጉዳቱ ይቀንሳል። የድርቆሹ ወጪ በኪራይ ዋጋው ላይ ታስቦ ጎብኚው ቢከፍለው ደግሞ ሸክሙ በባለ በቅሎው ላይ ብቻ አይወድቅም።

ክልከላ ብቻውን ግን መንጋውን ከቦታ ቦታ ያዛውራል እንጂ የመኖ ፍላጎቱን አይቀንስም። ሣር አጭዶ መመገብ፣ በእርሻ ዳርቻና በእርከን ላይ መኖ ማልማት፣ ብዙ ከሲታ እንስሳት ከመያዝ ይልቅ ጥቂቱን አድልቦ መሸጥ ከክልከላው ቀድመው መጀመር ያለባቸው ሥራዎች ናቸው። ድንበሩ የት ላይ እንደሆነ፣ ፍየል ገብታ ብትገኝ ምን እንደሚደረግና ቅጣቱ ስንት እንደሆነም አርሶ አደሩ ራሱ ተወያይቶ ባወጣው መተዳደሪያ ደንብ ቢወሰን፣ በጥበቃ ብቻ ከሚደረግ ቁጥጥር የተሻለ ይጸናል። ለዚህም የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የፓርኩ ባለሙያዎች ደንቡ ከመጽደቁ በፊት በየቀበሌው ከእረኛውና ከባለ በቅሎው ጋር ቁጭ ብለው መነጋገር ይጠበቅባቸዋል።