ለጸሎት የተፈታ አንደበት

ልደታ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ ጡረተኛ ጎረቤት አሉን። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ ሊፍት የለምና ከቤት መውጣትም ቀርቷል። የሚነገራቸው ሁሉ ይገባቸዋል። ከአፋቸው የሚወጣው ግን «እኮ» ብቻ ነው። ውሃ ሲጠማቸው «እኮ»፣ ሲናደዱ «እኮ»፣ የልጅ ልጃቸው ሮጣ ስትገባ ደስ ብሏቸውም ያው «እኮ»።

ወር በባተ በ1፣ የልደታ ለት፣ ቤታቸው ጠበል ጻዲቅ ተዘጋጅቶ ጎረቤት ተሰበሰበ። ቄሱ ዳቦውን ሲባርኩ ሁላችንም ተነሥተን አቡነ ዘበሰማያትን በአንድ ድምፅ ማድረስ ጀመርን። ጋሼ ከሶፋቸው ሳይነሡ አብረውን ገቡ። ጸሎቱን ከነግዕዙ፣ አንድ ቃል ሳይስቱ እስከ መጨረሻው ዘለቁት። እልልታው ቤቱን ሞላው። ልጃቸው እያለቀሰች ተንበረከከችና «አባዬ፣ እስቲ የልጅህን ስም ጥራ» አለቻቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው ቃል «እኮ» ነበር።

ያን ለት ብዙ ሰው «ተአምር ነው» አለ። እኔም ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም። ያየነውን ነገር ሌሎችም አይተውት እንደሆነ ፍለጋ ገባሁ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ፍለጋው ወደ ስዊድን ወሰደኝ። በ18ኛው መቶ ዘመን ኦሎፍ ዳሊን የተባለ ጸሐፊ፣ ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆኖ «አዎን» ከማለት በቀር አንዲት ቃል ስላልወጣው ሰው ጽፏል። ይህ ሰው ከመታመሙ በፊት የተማራቸውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙሮች እንደ ጤነኛ ሰው አጥርቶ ይዘምር ነበር፤ የሚፈልገው መጀመሪያው ላይ አብሮት የሚያነሳለት ሰው ብቻ ነው። ዳሊን አንድ ተጨማሪ ነገርም መዝግቧል፤ ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ምክንያቱን ለመጠየቅ እንኳ ከመቶ ዓመት በላይ ወሰደ። በ1861 ፓሪስ ውስጥ ፖል ብሮካ «ታን» ከማለት በቀር መናገር የማይችል አንድ ታማሚ ሲሞት አንጎሉን መረመረ፤ ጉዳቱን በግራው በኩል፣ ከፊት አገኘው። ንግግርን የሚያቀነባብረው በአብዛኛው ሰው ዘንድ የግራው አንጎል መሆኑ ከዚያ ወዲህ እየታወቀ ሄደ። ዜማ ግን የቀኙንም አንጎል በሰፊው ይጠቀማል።

በዚህ ላይ ተመሥርተው በ1973 ማርቲን አልበርት፣ ሮበርት ስፓርክስና ናንሲ ሄልም ቦስተን ላይ አንድ የሕክምና ዘዴ ይዘው ብቅ አሉ። ወደ እኛ ቋንቋ ሳመጣው እንዲህ ያለ ነው፦ ባለሙያዋ «ቡና ስጪኝ» የሚለውን ከፍና ዝቅ በሚሉ ሁለት ድምፆች ብቻ ታንጎራጉረዋለች፤ የታማሚውን ግራ እጅ ይዛም በእያንዳንዱ የድምፅ ምት ጠረጴዛውን በቀስታ ትመታለች። ቀጥለው አብረው ይሉታል። ከዚያ ድምፅዋን እየቀነሰች ለብቻው ትተወዋለች፤ በመጨረሻም ዜማው እየሳሳ ሄዶ ተራ ንግግር ይሆናል። ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በ2009 ጎትፍሪድ ሽላውግና ባልደረቦቹ በዚህ መንገድ 75 ጊዜና ከዚያ በላይ የታከሙ 6 ሰዎችን አንጎል ፎቶ አንሥተው ሲያነጻጽሩ፣ በቀኙ አንጎል በኩል መስማትንና መናገርን የሚያገናኘው የነርቭ ገመድ ዳብሮ አገኙት።

መልሱ የተገኘ ይመስላል፤ ግን አንድ ነገር አይገጥምም። ጋሼ አልዘመሩም። አቡነ ዘበሰማያት በየቤቱ ሲደገም ዜማ የለውም፤ ያለው ምት ነው። አንዱ ሐረግ ሌላውን እየጠራ፣ ሰው ሁሉ አንድ ቦታ ላይ እየተነፈሰ ይወርዳል።

የሚገጥመውን ያገኘሁት ከላይፕሲግ ነው። በ2011 ቤንያሚን ሽታል ከማክስ ፕላንክ ተቋም ባልደረቦቹ ጋር 17 ታማሚዎችን ፈተነ። የዘፈን ግጥሞችን አንዴ አዘፈኗቸው፤ አንዴ ደግሞ ያለ ዜማ፣ በምት ብቻ አስባሏቸው። በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ለውጥ ያመጣው ምቱ ነበር፤ በተለይ ጉዳቱ ወደ አንጎላቸው ውስጠኛ ክፍል ለዘለቀባቸው። ለውጥ ያመጣው ሁለተኛው ነገር ደግሞ ቃሉ አስቀድሞ በቃል የተያዘ መሆኑ ነው። ወደ ዳሊን የተመለስኩት ያኔ ነው። ያ ስዊድናዊ ከመዝሙሩ ሌላ ጸሎትም ያደርስ ነበር፤ ያለ ዜማ፣ በምት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። መልሱ ከ250 ዓመት በላይ እዚያው ተጽፎ ተቀምጧል።

ይህ ግኝት ለአማርኛ ተናጋሪ ቤተሰብ ትልቅ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ቀናችን በቃል በተያዘ አነጋገር የተሞላ ነው፦ እንደምን አደሩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አልሐምዱሊላህ፣ እንኳን አደረሳችሁ፣ ነፍስ ይማር። አንደበቱ የተያዘ ሰው ስም እንዲጠራ፣ ዕቃ እንዲለይ ከማስጨነቅ በፊት ጠዋት ጠዋት ግራ እጁን ይዞ፣ በምት፣ ሰላምታውን አብሮት ማለት ይቻላል። ሰው ደግሞ ሰላምታ ሲመልስ ከሰው መሐል ይገባል።

ልኩ እስከ የት እንደሆነም ታይቷል። የላይፕሲጉ ቡድን በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በምት ወይም በዜማ የተለማመዱት የተሻሻሉት እንደነዚህ ባሉ የተለመዱ አባባሎች ነበር፤ አዲስ ዓረፍተ ነገር መሥራት የተሻሻለው መደበኛውን የንግግር ሕክምና ባገኙት ላይ ነው። «እንደምን አደሩ» ለማለት ቤተሰብ ሊያግዝ ይችላል። «ትናንት ሌሊት ደረቴን ወጋኝ» ለማለት ግን የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያስፈልጋል፤ አገራችን ውስጥ ያሉት ባለሙያዎች ደግሞ ጥቂት ናቸው። በሽተኛችሁ ከሆስፒታል ሲወጣ ከመድኃኒቱና ከፊዚዮቴራፒው ጋር የንግግር ሕክምናንም ጠይቁለት።